በደንቡ ያልተጻፈው መዋጮ

ሂስ የሚጻፈው ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥምና ስለ ተውኔት ብቻ ነው የሚል ልማድ አለን። እኔ ግን ዛሬ ልሄሰው የተነሣሁት ደራሲው በስም ያልተጠቀሰ፣ ዋጋ ያልተለጠፈበት፣ ሆኖም በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖሩ ሁለት መቶ ያህል ኢትዮጵያውያን ቤት ውስጥ በየመሳቢያው የሚገኝ ባለ 22 ገጽ ጽሑፍ ነው። ይኸውም አባል የሆንኩበት እድር መተዳደሪያ ደንብ ነው። ከመደርደሪያችን ላይ ካሉት ብዙ መጻሕፍት ይልቅ በኑሯችን ላይ ሥልጣን ያለው ይህ ጽሑፍ ስለሆነ፣ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ተነብቦ ቢመዘን ነውር አይመስለኝም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመልካም ጎኑ ልጀምር። የደንቡ አማርኛ ንጹሕ ነው። አርቃቂዎቹ በአገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ሰዎች መሆናቸው «ከዚህ በላይ በተጠቀሰው አንቀጽ መሠረት» ከሚለው አነጋገራቸው ያስታውቃል። ገንዘብን በሚመለከት ምንም የተድበሰበሰ ነገር የለም። የመመዝገቢያው 300 ዶላር፣ የወሩ መዋጮ 25 ዶላር፣ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚወጣው፣ እናትና አባት በአገር ቤት ሲሞቱ የሚከፈለው ሁሉ በአንቀጽ በአንቀጽ ተዘርዝሯል። ከስብሰባ የቀረ 20 ዶላር፣ ከለቅሶ የቀረ 30 ዶላር ይቀጣል። ሒሳቡ በየዓመቱ በኦዲተር ይመረመራል። በዚህ ረገድ አንዲት ሳንቲም እንኳ አታመልጥም።

«ጊዜ» የሚለውን ቃል ግን በደንቡ ውስጥ ስፈልገው ያገኘሁት በአምስት ቦታ ብቻ ነው። አምስቱም ስለ መዋጮ መክፈያ ቀንና ስለ ማርፈድ የሚናገሩ ናቸው። አንድ አባል በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚጠየቅ፣ ሰዓቱ ለምን እንደሚውል፣ የማን ሰዓት ከማን እንደሚበልጥ የሚናገር አንድም መስመር የለም። ሴቶችን በሚመለከት «ሴቶች አባላት የምግብ ዝግጅቱን ያስተባብራሉ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሌሊቱን ሽንኩርት ሲከትፉ ያደሩ፣ በማግሥቱም ቆመው ሲያስተናግዱ የዋሉ፣ ሰኞ ጧት ሥራ የገቡ እናቶችና እኅቶች ተደብቀዋል። የሂሴ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ከአባላቱ የሚሰበሰበው ትልቁ መዋጮ በደንቡ አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈም በትክክል አልተደለደለም፤ ስላልተደለደለም አንዳንዶቻችን በገንዘብ ገዝተን ወጥተናል።

እድር በአገር ቤት ሳለ ይህን መጻፍ አላስፈለገውም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1958 ከአንድ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ጋር ሆነው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለነዚህ የመረዳጃ ማኅበራት ሲጽፉ፣ እድር በአዲስ አበባ ሥር የሰደደ የከተማ ተቋም ሆኖ ነበር። የተተከለውም በሰፈር ላይ ነው። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ ሲያልፍ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለመልበስ ዘወር ከምትል በቀር ሌላ ዝግጅት አያስፈልጋትም ነበር። ለቅሶ ቤቱ ከሦስት አጥር ወዲያ ነው። ድንኳኑን የሚተክሉት ጎረምሶች ማታ ኳስ የሚራገጡት ልጆች ናቸው። ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው ሰው ነገም ከነገ ወዲያም በደጃፉ ሲያልፍ ጎራ ይላል። ለእድር የሚሰጠው ጊዜ ከኑሮ የተቈረሰ አልነበረም፤ ኑሮው ራሱ ነበር። ስለዚህ የሚቈጥረው አልነበረም።

ወደዚህ አገር ይዘነው የመጣነው ደንቡን እንጂ ሰፈሩን አይደለም። የእኛ እድር አባላት ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያም ርቀው ተበትነዋል። እስቲ ሒሳቡን እንደ ገንዘብ ያዥ እንሥራው። ስብሰባው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለስምንት ሰዓት ይጠራል፤ በዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያበቃል። የደርሶ መልሱን መንገድ ስንጨምርበት በሰዓቱ ከተገኘ አባል አምስት ሰዓት ተኩል ወሰደ ማለት ነው። በዐሥራ ሁለት ወር 66 ሰዓት ይሆናል። በዓመት ዐሥር ያህል ለቅሶ ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ ከነመንገዱ ሦስት ሰዓት ቢያዝ 30 ሰዓት ነው። ሁለት ቀብር ከነፍትሐቱ ወይም ከነስግደቱ ሌላ 12 ሰዓት ይፈጃል። ድምሩ 108 ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከሁለት ሳምንት ተኩል የሚበልጥ የሥራ ጊዜ ነው። የዓመት ፈቃዱ ሁለት ሳምንት ብቻ የሆነ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ከ108 ሰዓት ውስጥ 66ቱ ለስብሰባ፣ 42ቱ ብቻ ለሐዘንተኛ መዋላቸውንም አንባቢ ልብ ይበል።

ስብሰባው ምን ይሠራል? የስም ጥሪ ይደረጋል። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ባለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ የተነሣው ክርክር እንደገና ይነሣል። አንድ ጊዜ የቡና ስኒ ይገዛ ወይስ የወረቀት ኩባያ ይበቃል በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ተከራክረናል፤ እኔም ሁለት ጊዜ እጄን አውጥቼ ተናግሬአለሁ። «ልዩ ልዩ» የሚባለው አጀንዳ ሲደርስ ደግሞ የአገር ቤት ፖለቲካ በጓሮ በር ይገባል። በሙያዬ በኩል ያየሁትን ላንሣ። በዚህ አገር የሐኪምነት ልምምዴን ስደግም በሳምንት ከ100 ሰዓት በላይ በሆስፒታል ያሳለፍኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። እኔ ከጨረስኩ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ሰዓቱ በሳምንት በአማካይ ከ80 እንዳይበልጥ በመላ አገሪቱ ገደብ ተደረገ። ትልልቆቹ ሐኪሞች አጕረመረሙ፤ ነገር ግን ሰዓቱ መቈጠር በጀመረ ጊዜ የትኛው ለሕመምተኛ፣ የትኛው ለልማድ ይውል እንደነበረ መጠየቅ ተቻለ። እድራችን ግን ሰዓት አይቈጥርም፤ ስለዚህ አይጠይቅም።

ቅጣቱን ደግሞ እንየው። 30 ዶላር ለሁሉም እኩል ነው ይላል ደንቡ፤ እኩልነቱ ግን በወረቀት ላይ ነው። ታክሲ የሚነዳው አባላችን እሑድ ከሰዓት ለቅሶ ቢመጣ የዕለቱን ገቢ ያጣል፤ ቢቀር ደግሞ ይቀጣል። በአረጋውያን መጦሪያ ድርብ ፈረቃ የምትሠራው እኅታችን ተተኪ ካላገኘች ሥራዋን ታጣለች። ለሐኪሙ ግን 30 ዶላር ከእንቅልፍ የረከሰ ነው። በዚህ ዓይነት መቀጮው ያለው ሰው ሳይገኝ እንደተገኘ የሚቈጠርበት፣ የሌለው ሰው ግን በሁለት በኩል የሚከፍልበት ሥርዓት ሆኗል።

ሐኪሙ እኔ ነኝና ስለ ራሴ ልናገር። በ1987 በዐሥራ ስምንት ዓመቴ ለሕክምና ትምህርት ወደ ሌኒንግራድ ሄድኩ፤ በ1994 ስመረቅ ከተማዋ ፒተርስበርግ ተብላ፣ የላከኝም መንግሥት የለም ነበር። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገርኩ። እድር የገባሁት በ2009 ነው፤ ያስገባኝም በመኪና ማቆሚያ የሚሠራ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ወዳጄ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከተጠሩት 108 ስብሰባዎች 14ቱን፣ ወደ 90 ከሚሆነው ለቅሶ 11ዱን ተገኝቻለሁ። ለቀረው ሁሉ ከፈልኩ፤ ሲደማመር ከ4,000 ዶላር በላይ ነው። ገንዘብ ያዡ «ዶክተር፣ አንተ ባትቀር እድሩ ይከስር ነበር» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም እሥቅ ነበር።

ወደ እድሩ ያስገባኝ ያ ወዳጄ ጎልማሳ ልጁን የቀበረ ዕለት ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ነበር። አልሄድኩም። በማግሥቱም አልሄድኩም። 30 ዶላር ከፈልኩ፤ ደረሰኝ ተሰጠኝ። ደንቡ እንደሚለው ከሆነ ዕዳ የለብኝም።

ይህ ነገር እኛ የጀመርነው አይደለም። የምሠራበት ሆስፒታል ባልቲሞር ውስጥ ነው፤ በብሮድዌይ ጎዳና ሳልፍ በ1865 ለቶማስ ዊልዲ የቆመውን ዓምድ አየዋለሁ። ዊልዲ ከእንግሊዝ የመጣ፣ የሠረገላ ሞላ የሚሠራ አንጥረኛ ነበር። በአገሩ የለመደው ወንድማማችነት ናፍቆት በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶ መሰሎቹን ፈለገ፤ በ1819 አምስት ሆነው በአንድ መጠጥ ቤት የኦድ ፌሎውስን ማኅበር በዚህ አገር መሠረቱ። የማኅበሩ ትእዛዝ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የታመመውን ጠይቅ፣ የተቸገረውን እርዳ፣ የሞተውን ቅበር፣ የሙት ልጅን አስተምር ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሎጆች የታመመ አባላቸውን ሌሊት በተራ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ይመድቡ ነበር፤ ተራው ደርሶ የቀረም ይቀጣ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ከወንድም ይልቅ በገንዘብ የተቀጠረ አስታማሚ መላክ ተለመደ።

ከዚያ የሆነውን ዴቪድ ቤይቶ በ2000 ባወጣው የወንድማማች ማኅበራት ታሪክ ውስጥ በሰፊው ጽፎታል። ሎጆቹ በነፍስ ወከፍ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ዶላር እየከፈሉ የራሳቸውን ሐኪም እስከ መቅጠር ደርሰው ነበር። የዘመኑ የሐኪሞች ማኅበራት፣ ማለትም የሙያ አባቶቼ፣ ዋጋችንን አረከሱብን ብለው የሎጅ ሐኪሞችን አሳደዷቸው። ቆይቶም በ1935 የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ወጣ፤ አሠሪዎችም ለሠራተኞቻቸው መድን መግባት ጀመሩ። ገንዘቡ በሌላ መስኮት ሲገኝ ለሎጁ የቀረለት ምሽቱ ብቻ ሆነ። ይኸውም በቃል የሚጠና ሥርዓት፣ ስብሰባና ሹመት ነው። በፍሪሜሶኖች ዘንድ ከታችኛው ሹመት ተነሥቶ ሎጁን እስከ መምራት ለመድረስ ሰባት ዓመት ያህል ይፈጃል። በ1959 ከ4 ሚሊዮን በላይ የነበሩት የአሜሪካ ፍሪሜሶኖች ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በታች ናቸው። በዚያው በ2000 ሮበርት ፑትናም በጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ ደግሞ አባልነት ቼክ ፈርሞ ከመላክ የማያልፍ እየሆነ መምጣቱን አሳይቷል። ሁለቱ ሊቃውንት ስለ ውድቀቱ ምክንያት አይስማሙም፤ ቤይቶ ወደ መንግሥት፣ ፑትናም ደግሞ ወደ ትውልድ መለወጥና ወደ ቴሌቪዥን ያዘነብላሉ። እኔ ከታሪኩ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ሎጁ መጀመሪያ ያስረከበው የሌሊቱን ተራ ነው። ተራውን በገንዘብ ከለወጠ በኋላ ገንዘቡን ከእርሱ የበለጠ የሚሰጥ ድርጅት መምጣቱ አይቀርም ነበር፤ መጣም። የእኛም እድር ሐዘንን በ30 ዶላር መግዛት ከፈቀደ፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያ የሚለየው ስብሰባው መርዘሙ ብቻ ነው።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። በ2018 አንድ ዓርብ ጧት በአንድ ሰዓት ተኩል ከሌሊት ሥራ ስመለስ፣ በቤቴ ፊት ለፊት መኪናዎች ተደርድረው አየሁ። ሁለቱን አወቅኋቸው። ሐኪም ነኝ፤ በሆስፒታል ያለችውን መርዶ የሚነገርባትን ትንሽ ክፍል አውቃታለሁ። ለስንት ቤተሰብ እንደተናገርኩ ቍጥሩ ጠፍቶብኛል፤ እየተናገርኩ ሳለ መጥሪያው ወገቤ ላይ ሲጮኽ፣ ይቅርታ ብዬ የወጣሁባቸውን ቀናት ግን አልረሳኋቸውም። ስለዚህ መኪናዎቹን ባየሁ ጊዜ ገና ከራሴ መኪና ሳልወርድ ነገሩ ገባኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ለእኔ ሳይሆን ለእድሩ ጸሐፊ ነበር የደወለው። እናቴ ሌሊቱን ዐርፋለች።

በሩን የከፈተልኝ ያ ልጁን የቀበረ ወዳጄ ነው። እርሱም እንደ እኔ ከሌሊት ፈረቃ መውጣቱ ነበር፤ የሥራ ካፖርቱን አላወለቀም። ሦስት ቀን አልተለየኝም። በሁለተኛው ቀን ማታ «ሥራ የለህም ወይ? ሂድና ዕረፍ እንጂ» ብለው፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ተረኞቹ እኛ ነን» አለኝ። ስለ ልጁ ቀብር አላነሣም። እኔም አላነሣሁም፤ አፌ አልቻለም። ሴቶቹ ንፍሮውን ቀቅለው፣ ወጡን ሠርተው፣ ዕቃውን አጥበው ሄዱ። ሙስሊም አባሎቻችን ከጁምዓ ሶላት ቀጥታ መጥተው እስከ ማታ ተቀመጡ። ስለ እናቴ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን ስለ እርሷ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። በሠልስቱ ማግሥት ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ እድሩ ያመጣልኝ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ሳይከፈት ተቀምጦ አገኘሁት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የጸሐፊውን መዝገብ ተመለከትኩ። በሦስቱ ቀን 61 ሰው ፈርሟል። ለእያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ብቻ ቢያዝ 183 ሰዓት ነው። እኔ በዘጠኝ ዓመት ለእድሩ የሰጠሁት፣ ስብሰባውም ለቅሶውም ተደምሮ፣ ከ110 ሰዓት አይበልጥም። በገንዘብ ሒሳቤ ንጹሕ ነኝ፤ በዚህኛው ግን እስከ ዛሬ ባለዕዳ ነኝ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ግን የተማርኩት በዚያ ዓርብ ነው።

ሂስ ነቅፎ ብቻ ቢያበቃ ግማሽ ሥራ ነውና፣ የማሻሻያ ሐሳብ ጽፌ ለጉባኤው አቀረብኩ። አንደኛ፣ ስብሰባው በዓመት አራት ጊዜ ይሁን፤ ከአንድ ሰዓት ተኩልም አይለፍ። ሁለተኛ፣ ለቅሶ መድረስ በአካባቢና በፈረቃ ተከፍሎ በተራ ይመደብ፤ ሐዘንተኛው በሦስቱ ቀን ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት እንዳይኖር፣ ማንም ደግሞ ሥራውን እንዳያጣ። ሦስተኛ፣ የለቅሶ መቀጮ ይቅር፤ ተራው የደረሰው ሰው ቢቀር የቀረውን ሰዓት በሌላ ለቅሶ ይክፈል እንጂ በገንዘብ አይክፈል። አራተኛ፣ ምግብ ማዘጋጀት እንደ ሌላው ሰዓት ይቈጠር፤ ወንዶችም ተራ ይግቡ።

ተቃውሞው ካልጠበቅሁት በኩል መጣ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉን፤ ከስብሰባ ቀርተው አያውቁም። ተነሥተው፣ «ልጄ፣ አንተ የምትቈጥበውን ሰዓት እኔ የት ላድርሰው?» አሉኝ። ለእርሳቸው ያ የቡና ስኒ ክርክር በወሩ ውስጥ አማርኛ የሚሰሙበት፣ ሰው የሚከራከራቸው ብቸኛ ቀን ነው። እኔ ብክነት ያልኩት ጊዜ ለእርሳቸው ጉብኝት ነበር። መልስ አልነበረኝም። ሐኪም ሆኜ ብቸኝነት ምን እንደሚያደርግ እያወቅሁ፣ ሰዓቱን ስደምር እርሳቸውን ሳልቈጥር ቀርቼ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሐሳብ አሻሻልኩት። የሥራው ስብሰባ ይጠር፤ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ግን ያለ ስም ጥሪና ያለ ቅጣት ቡና ተፈልቶበት ይቈይ። መምጣት የሚችል ይምጣ፤ መምጣት ላልቻሉት ሽማግሌ ደግሞ መኪና ያለው ይሂድላቸው።

ሐሳቡ እስካሁን አልጸደቀም። የቀረበ ዕለት ስም ጥሪውና ቃለ ጉባኤው ብዙ ስለ ወሰደ፣ ሰብሳቢው «በጊዜ ማጠር ምክንያት» ወደሚቀጥለው ስብሰባ አሸጋግረውታል። እርሱም የመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ ነው። ለዚያ ዕለት የሥራ ተራዬን ከአሁኑ ቀይሬአለሁ።